የቀድሞው አምበል በተቃራኒ ማሊያ፦ የአንድ ምት ፊዚክስ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 2013 ዕለቱ እሑድ ነበር። በካናዳ ዋና ከተማ በኦታዋ የዶክትሬት ትምህርቴን በማጠናቅቅበት በዚያ ወቅት አንድ የላቦራቶሪ ባልደረባዬ ከመሀል ከተማው ወጣ ብሎ ካናታ በተባለ ሰፈር ወደሚገኘው የበረዶ ሆኪ አዳራሽ ይዞኝ ሄደ። ባልደረባዬ የኦታዋ ሴናተርስ ቡድን ደጋፊ ነው፤ ደጋፊነቱም ከልጅነቱ የጀመረ ነው። በለበሰው ማሊያ ጀርባ ላይ 11 ቁጥርና አልፍሬድሶን የሚል ስም ተጽፎበታል። ችግሩ የስሙ ባለቤት በዚያ ዕለት የሚጫወተው ለኦታዋ ሳይሆን ለተጋጣሚው ለዲትሮይት ሬድ ዊንግስ መሆኑ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዳንኤል አልፍሬድሶን ስዊድናዊ ነው። ከ1995 ጀምሮ ለኦታዋ ተጫውቷል፤ ከ1999 ጀምሮም አምበል ነበር። በ2007 ቡድኑን እስከ ስታንሊ ዋንጫ የፍጻሜ ግጥሚያ ቢያደርስም ዋንጫውን የወሰደው አናሃይም ነው። በጁላይ 2013 ያን ያላገኘውን ዋንጫ ፍለጋ ወደ ዲትሮይት ማምራቱ ሲሰማ ብዙ የኦታዋ ሰዎች ማመን አቅቷቸው ነበር።

በዚያ ዕለት የአዳራሹ ሕዝብ ሁለት ጠባይ አሳየ። የቀድሞውን አምበል የሚያስታውስ ፊልም በትልቁ ስክሪን ላይ ሲታይ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ በጨዋታው መካከል ግን ከፊሉ ይጮኽበት ነበር። ባልደረባዬ አላጨበጨበም፤ አልጮኸምም። እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል ጨብጦ ሲመለከት ከቆየ በኋላ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «አንተ ፊዚክስ ታጠናለህ፤ እስቲ ንገረኝ፤ ይህ ሰው ከእኛ ጋር ሳለ ይህን ያህል ፈጣን ነበር?» አለኝ።

አልፍሬድሶን ያን ጊዜ 41 ዓመት ሊሞላው የቀረው 10 ቀን ብቻ ነበር። በዚያ ዕድሜ ፍጥነት የሚጨምር ስፖርተኛ የለም። ስለዚህ፣ «ፍጥነቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ምልክቱ ብቻ ነው። ድሮ ፕላስ ነበረ፤ ዛሬ ማይነስ ሆነ» ብዬ ሳቅሁ። እርሱ አልሳቀም፤ እስከ ዕረፍት ድረስም አላናገረኝም።

መልሴ ከፊዚክስ አንጻር ስሕተት አልነበረበትም። አንድ አካል ወደ ቀኝም ይሂድ ወደ ግራ የፍጥነቱ መጠን አይለወጥም፤ የሚለወጠው አቅጣጫውን የሚያመለክተው ምልክት ነው። ይሁን እንጂ የተጠየቅሁት ስለ ምልክት አልነበረም። አንድ ደጋፊ ለዓመታት የሚያውቀውን ተጫዋች በተቃራኒ ማሊያ ሲያየው ለምን ፈጥኖ ይታየዋል? በዚህ ጽሑፍ ያን ዕለት ያላገኘሁትን መልስ እሞክራለሁ። ለዚህም በመጀመሪያ ከምቱ መነሣት ያስፈልጋል።

ዱላው፣ በረዶውና ፓኩ

የበረዶ ሆኪን ላላየ አንባቢ ቅርቡ ምሳሌ የገና ጨዋታችን ነው። በሁለቱም ጫፉ የቆለመመ ዱላ አለ፤ በሁለቱም የሚመታ ነገር አለ፤ በሁለቱም ቅልጥም ይላጣል። ልዩነቱ ሜዳው 61 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው በረዶ መሆኑ፣ ተጫዋቾቹ ስለት በተገጠመለት ጫማ መንሸራተታቸው፣ በሩር ፈንታም ፓክ የተባለ ከጠንካራ ጎማ የተሠራ ጠፍጣፋ ክብ መመታቱ ነው። የፓኩ ወርድ 7.62 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2.54 ሳንቲ ሜትር፣ መጠነ ቁሱ ከ156 እስከ 170 ግራም ነው። እንዳይነጥርም ከጨዋታ በፊት ይቀዘቅዛል። በአንድ ጊዜ ከየቡድኑ አምስት ተጫዋቾችና አንድ ግብ ጠባቂ ይሰለፋሉ።

ከምቶች ሁሉ ኃይለኛው ስላፕ ሾት ይባላል። ተጫዋቹ ዱላውን ወደኋላ ከፍ አድርጎ ይሰነዝራል። ተመልካች ዱላው በቀጥታ ፓኩን የሚመታ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ምቱ በዝግታ በሚታይ ፊልም ሲመረመር ዱላው በመጀመሪያ የሚያርፈው ከፓኩ ወደኋላ ባለው በረዶ ላይ ነው። የዱላው ጫፍ በበረዶው ተይዞ ሲዘገይ የተጫዋቹ እጆችና ትከሻ ወደፊት መሄዳቸውን ይቀጥላሉ፤ ስለዚህ ዱላው እንደ ቀስት ይጎብጣል። በመጉበጡም እንደ ተጨመቀ ስፕሪንግ ኢነርጂ ያጠራቅማል። ጫፉ ፓኩን አግኝቶ ሲገፋ ያ የተጠራቀመ ኢነርጂ ይለቀቃል።

መጠኑን ማስላት ይቻላል። በሆኪ ዱላ ላይ የግትርነቱን ደረጃ የሚያሳይ ቁጥር ይታተማል፤ ቁጥሩ መካከሉን በአንድ ኢንች ለማጉበጥ ስንት ፓውንድ ኃይል እንደሚያስፈልግ ይገልጻል። ቁጥሩ 100 ከሆነ 445 ኒውተን ዱላውን በ2.54 ሳንቲ ሜትር ያጎብጠዋል ማለት ነው፤ በሜትር 17,500 ኒውተን ገደማ። ይህ ዱላ 8 ሳንቲ ሜትር ቢጎብጥ፣ የዚህ ቁጥር ግማሽ በጉብጠቱ ካሬ ሲባዛ፣ 56 ጁል ይሰጣል። ሁሉም ወደ ፓኩ አይተላለፍም፤ ቢሆንም ቀላል መጠን አይደለም።

ይህ ኢነርጂ ከምን ጋር እንደሚነጻጸር ለማየት አንድ እውነተኛ ምት እንውሰድ። ምቱም ያው የባልደረባዬ ቁስል ነው።

ዝዴኖ ቻራ ስሎቫካዊ የቀድሞ ተከላካይ ነው፤ ቁመቱ 206 ሳንቲ ሜትር ነው። ከ2001 እስከ 2006 በ3 ቁጥር ማሊያ ለኦታዋ ተጫውቷል። ሊጉ በ2005 የደመወዝ ጣሪያ ስለ ደነገገ ኦታዋ በ2006 ከሁለቱ ታላላቅ ተከላካዮቹ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነበት፤ ዌይድ ሬድንን አስቀርቶ ቻራን ለቀቀ። ቻራ ወደ ቦስተን ሄደ፤ በ2011ም በአምበልነቱ የስታንሊ ዋንጫን አነሣ። ባልደረባዬ ባለ 3 ቁጥሩን ማሊያ አጥፎ በመሳቢያ አስቀምጦት ነበር።

በጃንዋሪ 2012 የሊጉ የኮከቦች ግጥሚያ በኦታዋ ተካሄደ። የሁለቱ ቡድኖች አምበሎች፣ እንደ ዕጣ ፈንታ ሆኖ፣ አልፍሬድሶንና ቻራ ነበሩ። በግጥሚያው ዋዜማ በተደረገው የችሎታ ውድድር ቻራ ፓኩን በሰዓት 175.1 ኪሎ ሜትር መታው። ይህ የውድድሩ አዲስ ክብረ ወሰን ነበር፤ የቀድሞውም በ2011 ራሱ ያስመዘገበው 170.4 ነው። ጃንዋሪ በኦታዋ ከቤት የሚያስወጣ ወር ስላልሆነ ውድድሩን በቴሌቪዥን ነበር ያየነው፤ ቁጥሩ በስክሪኑ ላይ ሲወጣ ባልደረባዬ የተናገረው «ያ ምት የእኛ ነበር» የሚል ብቻ ነው።

በሰዓት 175.1 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 48.6 ሜትር ነው። ፓኩን 165 ግራም ብንለው የእንቅስቃሴ ኢነርጂው፣ ማለትም የመጠነ ቁሱ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ፣ 195 ጁል ይሆናል። 430 ግራም የሆነ የእግር ኳስ በሰከንድ 30 ሜትር ሲመታ የሚኖረውም ከዚህ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን የእግር ኳሱን ኢነርጂ የሚሸከመው በአየር የተሞላ ቆዳ ሲሆን የሆኪውን የሚሸከመው መዳፍ ላይ የሚያርፍ የቀዘቀዘ ጎማ ነው። ግብ ጠባቂው ያን ሁሉ ትጥቅ ለምን እንደሚደርብ ከዚህ ይታያል።

ከዚህ 195 ጁል ውስጥ የዱላው መጉበጥ የሚያዋጣው ሩብ ገደማ ቢሆን ነው፤ የቀረው ከሰውነቱ መንሸራተትና ከትከሻው መዞር የሚመጣ ነው። በዚህ ረገድ ቁመት ይጠቅማል። በክብ የሚሽከረከር ነገር የጫፉ ፍጥነት ከራዲየሱ ጋር አብሮ ያድጋልና ረጅም ክንድና ረጅም ዱላ ያለው ሰው ብልጫ አለው። የሊጉ ሕግ የዱላን ርዝመት በ160 ሳንቲ ሜትር ቢወስንም ቁመታቸው 198 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ለሆነ ተጫዋቾች እስከ 165 ይፈቅዳል። ቻራም በዚህ ፈቃድ ተጠቅሟል።

ተማሪዎቼን ዘወትር የሚያስገርማቸው ግን ሌላ ቁጥር ነው። የፓኩ ሞመንተም በሰከንድ 8 ኪሎ ግራም ሜትር ነው። ጎባጣው ዱላ ከፓኩ ጋር የሚቆየው በግምት 35 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ አማካይ ኃይሉ 230 ኒውተን ያህል ይሆናል። ይህ 23 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ለማንሣት የሚበቃ ኃይል ነው እንጂ ተአምር አይደለም። ምስጢሩ ዱላው በመጉበጡ ምክንያት ፓኩን ለረጅም ጊዜ መግፋቱ ነው፤ ግትር ብረት ቢሆን ኖሮ ፓኩ ወዲያው አምልጦት በሄደ ነበር።

የግብ ጠባቂው ሰዓት

አሁን ወደ ሌላኛው ጫፍ እንሻገር። ተከላካዮች አዘውትረው ከሚመቱበት ከሰማያዊው መስመር እስከ ግቡ ያለው ርቀት 19.5 ሜትር ነው። በሰከንድ 48.6 ሜትር የሚበር ፓክ ይህን በ0.4 ሰከንድ ይጨርሰዋል። በጨዋታ ውስጥ እንደዚያ ያለ ምት ብርቅ ነው፤ ሆኖም ከ10 ሜትር ርቀት በሰከንድ 30 ሜትር የሚመታው ተራ ምት 0.33 ሰከንድ ብቻ ነው የሚፈጀው። ለግብ ጠባቂው የቅርቡ ምት የክብረ ወሰኑን ያህል፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ አስጨናቂ ነው ማለት ነው።

የሰው ልጅ አንድ ነገር በዓይኑ አይቶ ጡንቻውን ማንቀሳቀስ እስኪጀምር ድረስ 0.2 ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ከዚያ በኋላ እጁ ወይም እግሩ የተወሰነ ርቀት መጓዝ አለበት። ሂሳቡ የሚዘጋው በጭንቅ ነው።

ነገሩን የሚያከፋው ደግሞ የዓይን ጂኦሜትሪ ነው። ከ19.5 ሜትር ርቀት ላይ የፓኩ ወርድ በዓይን የሚይዘው ማዕዘን 0.22 ዲግሪ ነው፤ ከሙሉ ጨረቃ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ፓኩ መንገዱን አጋምሶ 0.2 ሰከንድ ሲያልፍ ማዕዘኑ እጥፍ ሆኖ ጨረቃን ያህላል። ሁለት ሜትር ሲቀረው የመጀመሪያውን አሥር እጥፍ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግን የቀረው 0.04 ሰከንድ ብቻ ነው። ማዕዘኑ ከርቀቱ ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚሄድ ወደ እኛ የሚመጣ ነገር በጉዞው መጀመሪያ እምብዛም ሳይለወጥ ይቆይና በመጨረሻ በድንገት ይገዝፋል። ድንጋይ የተወረወረበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዓይን ጠቃሚ መረጃ የሚያገኘው መረጃው መጥቀሙን ካቆመ በኋላ ነው።

እንግዲያው ግብ ጠባቂዎች እንዴት ያድናሉ? በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ደሬክ ፓንቹክና ጆአን ቪከርስ የግብ ጠባቂዎችን የዓይን እንቅስቃሴ በመሣሪያ ተከታትለው በ2006 ጥናታቸውን አሳትመዋል። በጥናቱ መሠረት ግብ ጠባቂዎች ምት ሲያድኑ ዓይናቸው አስቀድሞ፣ ፓኩ ገና ከዱላው ሳይለይ፣ በፓኩና በዱላው ላይ ጸንቶ ይቆያል። ወዲያና ወዲህ አይቅበዘበዝም። ይህም ማለት የግብ ጠባቂው ሰዓት የሚጀምረው ፓኩ ሲለቀቅ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ከዱላው አያያዝ መረጃ መሰብሰብ ጀምሯል።

እዚህ ላይ ነው ትውውቅ በሚሊ ሰከንድ የሚለካ ነገር የሚሆነው። አንድ ግብ ጠባቂ የመቺውን ዝግጅት ከሌላው ሰው በ30 ሚሊ ሰከንድ ቀድሞ ቢያነብ፣ በክብረ ወሰኑ ፍጥነት እንኳ፣ ፓኩን ወደ 1.5 ሜትር ገደማ ወደኋላ የመለሰው ያህል ነው። የግቡ ጠቅላላ ስፋት 1.83 ሜትር መሆኑን ልብ ይሏል። የቀድሞ የቡድን ጓደኛ ይህን ንባብ በሺህ በሚቆጠሩ የልምምድ ምቶች ተምሮታል። ነገር ግን መቺውም በበኩሉ ግብ ጠባቂው የትኛው ወገን እንደሚከብደው ያውቃል። ስለዚህ የፕላስና የማይነስ መልሴ እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ ተጫዋቹ ማሊያ ሲለውጥ የፍጥነቱ ምልክት ይለወጣል፤ ዕውቀቱ ግን በሁለቱም ወገን እንዳለ ይቆያል።

የአርሰናል ደጋፊ የሆኑ አንባቢዎቼ ኤፕሪል 28 ቀን 2013ን አይረሱትም። ሮቢን ቫን ፐርሲ በማንቸስተር ዩናይትድ ማሊያ ወደ ኤምሬትስ ተመልሶ የፍጹም ቅጣት ምት ሲመታ ከፊቱ የቆመው የትናንት የልምምድ ጓደኛው ሽቼስኒ ነበር። ኳሱ በሰከንድ 30 ሜትር ተመታ ብንል 11 ሜትሩን የሚያቋርጠው በ0.37 ሰከንድ ነው። ሽቼስኒ ያንን እግር ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ እግሩም ሽቼስኒን ያውቀዋል። ግብ ሆነ፤ ጨዋታውም 1 ለ 1 ተፈጸመ።

ወደ ባልደረባዬ ጥያቄ ልመለስ። አልፍሬድሶን የኦታዋ ሳለ ባልደረባዬ ይመለከተው የነበረው ከመቺው ወገን ሆኖ ነው። ፓኩን ሲቀበል፣ ትከሻውን ሲያዞር፣ ዱላውን ሲያሳርፍ ሁሉ በተስፋ ይከተላል፤ የእርሱ ሰዓት ከምቱ ሁለትና ሦስት ሰከንድ ቀድሞ ይጀምራል። በዚያ እሑድ ግን ሳያስበው ወደ ግብ ጠባቂው ወገን ተዛወረ። የግብ ጠባቂው ሥልጠና ስለሌለው አስቀድሞ ከዱላው የሚያነበው የለም፤ የቀረለት 0.33 ሰከንዱ ነው። ያው ምት በሁለት ልዩ ልዩ ሰዓቶች ሲለካ ሁለተኛው ፈጣን ይመስላል። ይህ በሙከራ ያላረጋገጥሁት የራሴ ግምት ነው፤ ግምት መሆኑን አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ።

የተመልካቹን ሳይሆን የምቱን ሰዓት ለመለካት የሚፈልግ ተማሪ ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሣ ተራ የእጅ ስልክ በቂ ነው። የፍጹም ቅጣት ምትን ከጎን ሆኖ መቅረጽ፣ ከዚያም ኳሱ ከእግር ከተለየበት እስከ መስመሩ ድረስ ያሉትን ምስሎች መቁጠር ነው። ኳሱ በሰከንድ 30 ሜትር ከሄደ በአንዱ ምስልና በሚቀጥለው መካከል አንድ ሜትር ይጓዛል፤ 11 ምስል ታገኛላችሁ። የሠፈር ኳስ ከ15 በታች ከሆነ መቺውን አመስግኑልኝ።

ባዶው ግብ

የዚያን ዕለት መጨረሻ ሳልነግራችሁ ባልፍ ታማኝ አልሆንም፤ ምክንያቱም ከላይ ያሰላሁት ሁሉ ለመጨረሻው ግብ አይሠራም። በሆኪ እየተመራ ያለ ቡድን ጊዜው ሊያልቅ ሲል ግብ ጠባቂውን አስወጥቶ በምትኩ ስድስተኛ አጥቂ ያስገባል። ኦታዋም እንዲሁ አደረገ። ፓኩ ለአልፍሬድሶን ደረሰው፤ ግቡ ባዶ ነበር። ጨዋታው 4 ለ 2 በዲትሮይት አሸናፊነት አለቀ፤ አልፍሬድሶንም አንድ ግብ አግብቶ አንድ አመቻችቶ ወጣ።

በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ፓክ ያን ያህል አይዘገይም። የሰበቃ መጠኑን 0.1 ብንለው በየሰከንዱ የሚያጣው ፍጥነት በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ ነው። በሰከንድ 20 ሜትር ተመትቶ 30 ሜትር ቢጓዝ ሲደርስ ከ18 ሜትር በሰከንድ በላይ ይኖረዋል፤ ጉዞውም 1.6 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በነገራችን ላይ በረዶ የሚያንሸራትተው ከላዩ ያረፈው ክብደት ስለሚያቀልጠው ነው የሚል ማብራሪያ በብዙ መማሪያ መጻሕፍት ታትሟል። መቶ ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ ስለት ላይ ቢቆም የሚፈጥረው ግፊት የበረዶውን የመቅለጫ ነጥብ የሚያወርደው በግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው፤ የሆኪ በረዶ ግን ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፓኩ ደግሞ ምንም ግፊት የለውም ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ይንሸራተታል። እውነተኛው ምክንያት የበረዶ የላይኛው ገጽ ሞለኪውሎች እንደ ውስጠኞቹ በጽኑ ያልታሰሩ መሆናቸውና ሰበቃው ራሱ የሚፈጥረው ሙቀት ነው። ፋራዳይ ስለዚህ ገጽ በ1850 አንሥቶ ነበር፤ መጻሕፍቱ ናቸው የዘገዩት።

አንድ ሰከንድ ተኩል በዚያ አዳራሽ ረጅም ጊዜ ነው። ምላሽ የሚሰጥ ግብ ጠባቂ የለም፤ ሁሉም ፓኩን አይቶታል፤ የሚሄድበትንም አውቋል። ባልደረባዬ ፓኩ መስመሩን ሳያልፍ ተነሥቶ ቆመ። ሲያልፍም አጨበጨበ፤ ሦስት ጊዜ ይመስለኛል። ከዚያ ካፖርቱን ለብሶ ማሊያውን ሸፈነው።

አልፍሬድሶን በዲሴምበር 2014 ለአንድ ቀን ብቻ ከኦታዋ ጋር ፈርሞ የኦታዋ ተጫዋች ሆኖ ጡረታ ወጣ። በዲሴምበር 29 ቀን 2016 ደግሞ 11 ቁጥር ማሊያው ሌላ ተጫዋች እንዳይለብሰው ተወስኖ ከአዳራሹ ጣሪያ ላይ ተሰቀለ። እኔ ያን ጊዜ ወደ አገሬ ተመልሼ ማስተማር ጀምሬ ነበር። ባልደረባዬ የጣሪያውን ፎቶግራፍ ላከልኝ፤ ከሥሩም እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «አሁን ፍጥነቱ ዜሮ ነው። ዜሮ ምልክት አለው እንዴ?»